ሁለት ክራር፣ አንድ ኪስ

ክራር ለመግዛት ስነሳ የአሁኑ ሁለተኛዬ ነው፡፡ የመጀመሪያውን የገዛሁት ከሦስት ዓመት በፊት ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄጄ፣ የስጦታ ዕቃ ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ ነበር፡፡ ገበቴው ዛጎል ተደርድሮበታል፤ ቀንበሩ ባለ ሦስት ቀለም ጨርቅ ተጠምጥሞበታል፤ ለዓይን ግሩም ነበር፡፡ ሻጩ አንድ ጊዜ ገረፍ አድርጎ አሰማኝ፤ እኔም ዋጋ አስቀንሼ፣ በኩራት ታቅፌው ወደ ጭሮ ተመለስኩ፡፡ “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” እንዲሉ፣ መኪና እንዳያመልጠኝ እየተጣደፍኩ የገዛሁት ዕቃ ሦስት ሳምንት እንኳ በቅጡ አላገለገለም፡፡

ያን ጊዜ አሥር ዓመት የሞላው ልጄ ሦስቱንም ሳምንት ታገለው፡፡ አንዱን ክር ሲያስተካክል ሌላው ይወርዳል፡፡ ሌላውን ሲያነሳ የመጀመሪያው ይላላል፡፡ ሁለት ክር በጠሰ፡፡ በመጨረሻም ክራሩን ግድግዳ ላይ ሰቀለውና “አባዬ፣ እኔ ጆሮ የለኝም መሰለኝ” አለኝ፡፡ ያንገበገበኝ የወጣው ገንዘብ አይደለም፤ ይቺ ቃል ናት፡፡

ዘንድሮ እቁብ ደረሰኝ፡፡ ባለቤቴ ብሩን ለውኃ ታንከር ነበር ያሰበችው፡፡ ጭሮ ለኖረ ሰው ምክንያቱን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ውኃ የምትመጣበትን ቀን እየቆጠሩ መኖር ምን እንደሆነ ያውቀዋል፡፡ ብዙ ከተከራከርን በኋላ “ሲሶው ለክራሩ ይሁን፡፡ ከዚያ ካለፍክ ግን ውኃውን በጀሪካን የምታመላልሰው አንተ ነህ” አለችኝ፡፡ እንግዲህ በጀቴ በዚህ ተወሰነ፡፡ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም እንደ እኔ በተለካ ገንዘብ፣ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር በሌለበት ከተማ፣ ሁለት መካከለኛ ክራሮች መሀል ቆሞ ለሚያመነታ ሰው ይጠቅም እንደሆን ብዬ ነው፡፡

<b>ሁለቱ ዕጩዎች</b>

ጭሮ፣ የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ ከአዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ናት፡፡ ኮሌጅ አላት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የክራር ሱቅ ግን እኔ አላገኘሁባትም፡፡ ክራር የሚፈልግ ሰው ወይ አዲስ አበባ ያስመጣል፣ ወይ ከተጫዋች እጅ ይገዛል፡፡ እኔ ጠይቄ አስጠይቄ ሁለት አገኘሁ፡፡

አንደኛው ሂርና የሚያስተምር አንድ መምህር ዝውውር አግኝቶ ሊሸጠው ያሰበው የቆዳ ክራር ነው፡፡ ገበቴው ከእንጨት የተፈለፈለ፣ በላዩ የፍየል ቆዳ የተወጠረበት፣ ባለ ስድስት ናይለን ክር፣ መቃኛዎቹ ከእንጨት የተጠረቡ ናቸው፡፡ ሁለተኛው የአንድ የኪነት ቡድን አባል የነበረ የጭሮ ወጣት ኪቦርድ ሊገዛበት የሚሸጠው ሳጥን ክራር ነው፡፡ ሳጥን ክራር ማለት ገበቴው በቆዳ ፋንታ በስስ ጣውላ የተሸፈነ፣ እንደ ጊታር የብረት ክር የሚወጠርበት፣ መቃኛውም የጊታር ማርሽ የሆነ ነው፡፡ የዚህኛው ውስጥ ከድምፅ ማጉያ ጋር የሚያገናኝ ፒክአፕም ተገጥሞለታል፡፡

በዋጋ ሳጥኑ የቆዳውን አንድ ተኩል ያህል ነው፡፡ ሳጥኑን ብገዛ ከሲሶዬ ላይ የሚተርፈኝ የመመለሻ የባጃጅ ብቻ ነው፡፡ የቆዳውን ብገዛ ጥቂት ይተርፈኛል፡፡ “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” ነውና በዚህኛው ዙር ለመጣደፍ አልፈለግሁም፡፡ ሁለቱንም ባለቤቶች ለምኜ፣ መያዣ አስይዤ፣ ክራሮቹን ለአንድ ሳምንት ቤቴ አስቀመጥኳቸው፡፡ ለአንባቢያን የመጀመሪያው ምክሬም ይኸው ነው፤ ክራር በአንድ ግርፍ አይታወቅም፡፡ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር፡፡

<b>የምንገዛው ምኑን ነው?</b>

ጊታርም ሆነ ዑድ የሚጫወት ሰው አንዱን ክር በጣቱ እየተጫነ ብዙ ድምፅ ያወጣበታል፡፡ ክራር ግን አንገት የለውም፡፡ በተለመደው አጨዋወት እያንዳንዱ ክር የሚያወጣው የተቃኘበትን አንድ ድምፅ ነው፡፡ አምስት ክር አምስት ድምፅ ነው፤ ባለ ስድስት ክር ሲሆን ስድስተኛው የመጀመሪያውን ድምፅ በኦክታቭ ከፍ አድርጎ ይደግማል፡፡ ስለዚህ አንዱ ክር ከወረደ ጣት አዙሮ ማዳን አይቻልም፤ ዜማው ሁሉ ይበላሻል፡፡

በዚህ ላይ ቅኝት ሲቀየር ክሮቹም እንደገና ይቃኛሉ፡፡ ዶን መነሻ ብናደርግ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፡፡ ወደ ትዝታ ማይነር ለመሄድ ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ይበቃል፤ ሁለት ክር ማለት ነው፡፡ ከዚያ ወደ አምባሰል ለመሻገር ሬ በግማሽ ድምፅ ይወርዳል፣ ዝቅ ብሎ የነበረው ሦስተኛው ክር ደግሞ ወደ ፋ ይወጣል፤ አሁንም ሁለት ክር፡፡ ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ሲኬድ ሶል በግማሽ ይወርድና ላ ወደ ቦታው ይመለሳል፡፡ ከትዝታ ሜጀር ወደ ባቲ ሜጀር ከሆነ ግን ሦስት ክር ነው የሚነካው፤ ሬ ወደ ሚ፣ ሚ ወደ ፋ፣ ላ ወደ ሲ ይወጣሉ፡፡

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው የሙዚቃ ትምህርት ለመስጠት አይደለም፡፡ አንድ ተጫዋች በአንድ ምሽት ስንት ጊዜ መቃኛ እንደሚያዞር ለማሳየት ነው፡፡ እንግዲህ ክራር ስንገዛ በዋነኛነት የምንገዛው ድምፁን ወይም ውበቱን ሳይሆን፣ የተቃኘበትን የመያዝ አቅሙን ነው፡፡ ያ የስጦታ ሱቅ ክራር ያጣው ይህንኑ ነበር፡፡

የሂርናው መምህር ክራሩን ሊያሳየኝ ቤቴ በመጣ ቀን ያን የተሰቀለ ክራር አየው፡፡ አወረደና መቃኛውን ሲያዞረው ዙሩን ጨርሶ ተመልሶ ሸርተት አለ፡፡ ልጄ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደተወውና ጆሮ የለኝም እንዳለ ነገርኩት፡፡ ትንሽ ፈገግ ብሎ “ጆሮ ስላለው ነው የተወው፡፡ ጆሮ የሌለው ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ይገርፈው ነበር” አለኝ፡፡ ልጄ ጓዳ ሆኖ ይሰማ ነበር፡፡

<b>ፈተና አንድ፡ መቃኛ</b>

በመቃኛ ሳጥኑ ያለ ክርክር ያሸንፋል፡፡ የእንጨት መቃኛ አንድ ዙር ሲዞር ክሩም አንድ ዙር ይጠመጠማል፡፡ የጊታር ማርሽ ግን በብዙዎቹ ላይ እጀታው 14 ጊዜ ያህል ሲዞር ነው ክሩ አንድ ዙር የሚጠመጠመው፡፡ አንድን ክር በግማሽ ድምፅ ለማንሳት ውጥረቱ በ12 በመቶ ገደማ መጨመር አለበት፤ ይህን ጥቂት ለውጥ በማርሽ ልክ በልክ ማምጣት ይቻላል፡፡ በእንጨት መቃኛ ግን እጅ ትንሽ ከበዛ ያልፋል፣ ካነሰ ይቀራል፡፡ ልምድ ይጠይቃል፡፡

የቆዳው ክራር መቃኛዎች አራቱ ጥብቅ ሲሆኑ ሁለቱ ይንሸራተቱ ነበር፡፡ መምህሩ አንዲት የጠመኔ ስባሪ አውጥቶ መቃኛው ቀንበሩ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ ቀባው፡፡ ጠመኔ ያንሸራተተውን ይይዛል፣ የደረቀ ሳሙና ደግሞ አልዞር ያለውን ያላላል፤ ሁለቱን በልክ መጠቀም ነው፡፡ ከዚያ በኋላ መሻሻሉን በጆሮዬ ሰማሁ፡፡ እዚህ ላይ ልብ በሉ፡- በጠመኔ የሚድን መቃኛ ሌላ ነው፣ ቀዳዳው የሰፋ መቃኛ ሌላ ነው፡፡ መቃኛውን ነቅላችሁ ቀዳዳውን እዩ፤ ክብ ካልሆነና ከተሰነጠቀ ቀንበሩ እንዳለ ይቀየራል ማለት ነው፡፡ ሻጩ መቃኛ አልነቅልም ካለ አመስግናችሁ ውጡ፡፡

<b>ፈተና ሁለት፡ ክር</b>

ብዙ ገዢ የማያየው ነገር የክሮቹን ውፍረት ነው፡፡ የክራር ክሮች ርዝመታቸው ተቀራራቢ ነው፡፡ ርዝመታቸውና ውፍረታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ክሮች አንዱ ከሌላው በኦክታቭ ከፍ እንዲል ከተፈለገ ውጥረቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት፡፡ ስለዚህ ስድስቱም ክሮች አንድ ዓይነት ውፍረት ካላቸው ታችኛው ልል ሆኖ ይንጨባረራል፤ ላይኛው ደግሞ እስኪበጠስ ይወጠራል፡፡ በመጀመሪያው ክራሬ ላይ የሆነው ይኸው ነበር፡፡ ከአንድ ጥቅል የተቆረጠ አንድ ዓይነት ናይለን ነበር የተሰካበት፡፡

በቆዳው ክራር ላይ የነበሩት ክሮች ከቀጭን ወደ ወፍራም የሚሄዱ ናቸው፡፡ መነሻ የሚሆን ቁጥር የሚፈልግ ሰው የክላሲካል ጊታር ሦስቱን ቀጫጭን የናይለን ክሮች ያስብ፤ ውፍረታቸው ከ0.7 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፡፡ በሳጥኑ ላይ የነበሩት የብረት የጊታር ክሮች ናቸው፤ ሁለቱ ዝገዋል፡፡ የዛገ ክር ድምፁ ይደፈናል፣ ጣትም ይልጣል፡፡ ልጄ በሳጥኑ ግማሽ ሰዓት ከተለማመደ በኋላ የጣቶቹን ጫፍ እያየ ነበር፡፡ ለጎልማሳ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለአሥራ ሦስት ዓመት ጀማሪ ግን ነገ እንዲቀጥል ወይም እንዲተው የሚያደርገው እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ነው፡፡

አዲስ ናይለን ክር የገጠመ ሰው ደግሞ ለጥቂት ቀናት ትዕግሥት ይኑረው፡፡ ናይለን እየተለጠጠ ስለሚሄድ በመጀመሪያው ሰሞን ደጋግሞ ይወርዳል፡፡ ይህ የክራሩ ጥፋት አይደለም፤ ክሩ ሲረጋ ይቆማል፡፡

<b>ፈተና ሦስት፡ ቆዳ፣ ምሰሶና በርኩማ</b>

የቆዳውን ክራር በፀሐይ ብርሃን ፊት ይዤ ቆዳውን መረመርኩ፡፡ መሀሉ ላይ ችግር አይገኝም፤ ችግር የሚጀምረው ቆዳው ከገበቴው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነው፡፡ እዚያ ስንጥቅ ካለ በሚቀጥለው በጋ ይቀደዳል፡፡ በጣት መታ መታ ሲደረግም ድምፁ በየአቅጣጫው ተቀራራቢ መሆን አለበት፤ በአንድ ወገን ብቻ ከደፈነ ውጥረቱ እኩል አይደለም፡፡

ቀጥሎ ሁለቱን ምሰሶዎች በሁለት እጅ ይዞ ቀስ ብሎ መጠምዘዝ ነው፡፡ ምሰሶው ወይም ቀንበሩ የሚነቃነቅ ከሆነ አንዱን ክር ባጠበቃችሁ ቁጥር ሌላው ይላላል፡፡ የልጄ የሦስት ሳምንት ስቃይ ምስጢር ግማሹ መቃኛው ሲሆን ግማሹ ይህ ነበር፡፡ የሳጥኑ ምሰሶዎች በቡሎን የታሰሩ ናቸው፤ ንቅንቅ አይሉም፡፡ የቆዳው በአንድ በኩል በጣም ጥቂት ይንቀሳቀስ ነበር፡፡ ጭሮ ያለ አንድ የእንጨት ሠራተኛ አይቶት “ጋሼ፣ ይቺማ የአንድ ሽብልቅ ሥራ ናት” አለኝ፡፡

በመጨረሻም ክሮቹ የሚያርፉበትን በርኩማ ማየት ነው፡፡ እያንዳንዱን ክር ብቻውን ነክቶ ማዳመጥ፡፡ የሚነዝር ድምፅ ለበገና ጌጡ ነው፤ ባለሙያዎቹም ሆን ብለው በክሩና በበርኩማው መሀል ቁራጭ ቆዳ ይሰኩለታል፡፡ በክራር ላይ ግን ሳይፈለግ የሚነዝር ክር የላላ ነገር እንዳለ ምልክት ነው፡፡ የሳጥኑ ክራር አራተኛ ክር ይነዝር ነበር፤ ምክንያቱ ከውስጥ የላላው የፒክአፑ ገመድ ሆኖ ተገኘ፡፡

<b>ጭሮና ሚኤሶ</b>

የእኛ አካባቢ ነዋሪ ከአዲስ አበባው ገዢ ይልቅ ሊያስብበት የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ የአየር ጠባይ፡፡ ጭሮ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፡፡ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ሲወረድ የሚገኘው ሚኤሶ በ500 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ሙቀቱም ደረቅ ነው፡፡ ቆዳ እርጥበት ሲያገኝ ይላላል፣ ሲደርቅ ይወጠራል፡፡ ከበሮ የሚመታ ሰው ከበሮውን ፀሐይ ወይም እሳት አሳይቶ የሚጀምረው ለዚሁ ነው፡፡

ቅዳሜ ሁለቱንም ክራሮች በትዝታ ሜጀር ቃኝቼ ሚኤሶ ወዳለው ወዳጄ ቤት ይዣቸው ሄድኩ፡፡ ከሁለት ሰዓት በኋላ በስልኬ መቃኛ ስለካቸው የቆዳው ስድስቱም ክሮች ወደ ላይ ወጥተዋል፡፡ የሳጥኑ ብረት ክሮች ደግሞ በሙቀቱ ለጠጥ ብለው በጥቂቱ ወርደዋል፡፡ የቆዳው ለውጥ ከሳጥኑ በግልጽ የበለጠ ነበር፡፡ ማታ ጭሮ ስንመለስ ቆዳው ወደ ቀድሞው ተጠጋ፤ ሌሊት ዘንቦ ስላደረ ግን ጠዋት እንደገና ወርዶ አገኘሁት፡፡ ሳጥኑ ማታ እንዳስቀመጥኩት ነበር ማለት ይቻላል፡፡

ስለዚህ ዛሬ ገለምሶ፣ ነገ አሰቦት፣ ከነገ ወዲያ በዴሳ ሠርግ ላይ የሚጫወት ሰው ቢጠይቀኝ ሳላመነታ ሳጥኑን ግዛ እለዋለሁ፡፡ የሚጫወተው ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር ከሆነማ ሌላ ምርጫም የለውም፡፡ መቀመጫውን ለንደን ያደረገው ክራር ኮሌክቲቭ የተባለው ቡድን በኤሌክትሪክ ክራርና በቤዝ ክራር የሚያወጣውን ድምፅ የሰማ ሰው፣ ሳጥኑ የክራር ደካማ ዘመድ ነው ብሎ አይንቀውም፡፡ አስናቀች ወርቁን የሰማ ደግሞ አንድ ድምፅና አንድ ክራር ብቻቸውን ምን ያህል እንደሚበቁ ያውቃል፡፡ አስናቀች በ2004 ዓ.ም. መስከረም ወር ብታርፍም፣ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1995 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 16ኛ ቅጽ ሆኖ የወጣው ሥራዋ ዓለም ሁሉ የሚሰማው ሆኗል፡፡ ጥያቄው የትኛው ክራር ይበልጣል አይደለም፤ የት፣ ለማን፣ በምን አቅም የሚለው ነው፡፡

<b>ዑድስ? ዩኩሌሌስ?</b>

ድሬዳዋ ያደገ አንድ የሥራ ባልደረባዬ “ሐረርጌ ተቀምጠህ ክራር ፍለጋ ምን ያንከራትትሃል፣ ዑድ ግዛለት እንጂ” ብሎኝ ነበር፡፡ አነጋገሩ ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ በድሬዳዋ ተወልዶ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ያረፈው ዓሊ ቢራ ከዑዱ ጋር የተዋወቀበት አገር ነው፤ ልጄም መጫወት የሚፈልገው በሚኒባስ ሲሄድ የሚሰማቸውን የዓሊን ዘፈኖች ነው፡፡ ነገር ግን ዑድ ድምፁ የት ቦታ እንዳለ የሚያመለክት ፍሬት አንገቱ ላይ የለውም፤ ጣት በስሜት ነው የሚያርፈው፡፡ ክሮቹም ብዙ ናቸው፤ በተለመደው ዓይነት አሥራ አንድ፡፡ አስተማሪ ለሌለው ጀማሪ ከባድ ነው፤ ለኪሴ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፡፡

አሜሪካ ያለች እህቴ በበኩሏ ዩኩሌሌ ልላክለት አለችኝ፡፡ ዩኩሌሌ በ1879 እ.ኤ.አ. ከማዴይራ ደሴት ወደ ሃዋይ የተሰደዱ ፖርቱጋላውያን ይዘዋት ከሄዱት ትንሽ ጊታር የተወለደች ባለ አራት ክር መሣሪያ ናት፡፡ ቴነር የሚባለው ዓይነቷ የክሩ ርዝመት 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ለልጅ እጅ ትመቻለች፤ በፍሬቶቿም የእኛን ቅኝቶች መጫወት ይቻላል፡፡ እምቢ ያልኳት መሣሪያዋን ንቄ አይደለም፡፡ ክር ሲበጠስ ጭሮ ከየት አመጣለሁ? ልጁ ሲቸገርስ ማንን ይጠይቃል? ክራር የሚያውቅ ሰው በጭሮም፣ በሂርናም፣ በሚኤሶም አላጣሁም፤ ዩኩሌሌ የሚያውቅ ግን አንድም አላገኘሁም፡፡ የሙዚቃ መሣሪያ ዋጋ የሚከፈለው በተገዛ ቀን ብቻ አይደለም፡፡

<b>ሒሳቡ</b>

ይኸው ነገር ወደ ሒሳቡ መለሰኝ፡፡ ወረቀት አውጥቼ በሁለት ዓምድ ጻፍኩ፡፡ በሳጥኑ ዓምድ ሥር፡- ዋጋው፣ የዛጉትን ጨምሮ አንድ ሙሉ የብረት ክር፣ የፒክአፑ ጥገና፣ ውሎ አድሮም ድምፅ ማጉያ፡፡ ያለ ማጉያ ሲገረፍ የዚህኛው ሳጥን ድምፁ ቀጭን ነበር፤ የተሠራው በኤሌክትሪክ ለመሰማት ነውና አይፈረድበትም፡፡ ማጉያ ቢገዛለትም መብራት በጠፋ ምሽት ዝም ማለቱ ነው፡፡ በቆዳው ዓምድ ሥር፡- ዋጋው፣ አንድ ትርፍ ክር፣ የሽብልቁ የእጅ ዋጋ፣ ሁለት ትርፍ መቃኛ፣ ከዝናብ የሚከላከል የጨርቅ ከረጢት፡፡ የመጀመሪያው ዓምድ ከሲሶዬ አለፈ፡፡ ሁለተኛው ከሲሶዬ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ፡፡

ሁለተኛ ወረቀት ላይ ደግሞ “ቢበላሽ ማን ይሠራዋል?” ብዬ ጻፍኩ፡፡ የቆዳው መቃኛ ቢሰበር እንጨት ሠራተኛ አለ፡፡ ቆዳው ቢቀደድ የፍየል ቆዳ የማይገኝበት የሐረርጌ ከተማ የለም፤ የሚወጥር ሰውም ይገኛል፡፡ የሳጥኑ ማርሽ ጥርሱ ቢበላ ወይም ፒክአፑ ቢቃጠል ግን አዲስ አበባ ድረስ መላክ ነው፡፡

በተቃራኒው ወገን የቀረ አንድ ከባድ ነጥብ ነበር፤ ራሴው ዋናው ነገር ቅኝት መያዝ ነው ያልኩት፡፡ በዚህ ሳጥኑ አሸንፏል፡፡ ይህን ለመምህሩ ስነግረው ያለኝን አልረሳውም፡፡ “ሁለት ዓይነት መውረድ አለ፡፡ አንዱ መቃኛው ከድቶ ነው፤ እሱ ልጁን ተስፋ ያስቆርጠዋል፣ ምክንያቱም ያስተካከለው ነገር እጁ ላይ እያለ ይፈርስበታል፡፡ ሌላው አየሩ ተለውጦ ነው፤ እሱ አንዴ ከተቃኘ ለዚያ ሰዓት ጨዋታ ይቆያል፡፡ ሁለተኛው በየቀኑ መቃኘት ያስተምራል እንጂ አይጎዳም፡፡” የስጦታ ሱቁ ክራር የመጀመሪያው ዓይነት ነበር፡፡ የመምህሩ ክራር፣ መቃኛዎቹ ጠመኔ ካገኙና ምሰሶው ከተሸበለቀ በኋላ፣ ሁለተኛው ዓይነት ነው፡፡ አንድ ሰዓት ሙሉ ተጫውተንበት ስንለካው ከአንዱ ክር በስተቀር ሁሉም በቦታቸው ነበሩ፡፡

የቆዳውን ገዛሁ፡፡

<b>ለገዢ የሚሆን ማጠቃለያ</b>

በእኔ ስህተትና ሙከራ የተገኘውን በአጭሩ ላስቀምጠው፡፡ በመጀመሪያ ለጌጥ የተሠራን ክራር ለጨዋታ ከተሠራው ለዩ፡፡ ቸርችል ጎዳናን በመሳሰሉ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ሰፈሮች የሚሰቀሉት ብዙዎቹ ለግድግዳ የተሠሩ ናቸው፤ መቃኛው በሙጫ የተጣበቀ ከሆነ ጥያቄው እዚያው አበቃ፡፡ ሁለተኛ፣ ክሮቹ የተለያየ ውፍረት እንዳላቸው እዩ፡፡ ሦስተኛ፣ ምሰሶውንና ቀንበሩን በእጃችሁ ፈትሹ፡፡ አራተኛ፣ ቃኝታችሁ ለአንድ ሰዓት ተጫወቱበት፣ ከዚያም አሳድሩት፡፡ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚወርደውና በአንድ ሌሊት የሚወርደው አንድ አይደሉም፡፡ አምስተኛ፣ ከበጀታችሁ ጥቂቱን ለክር፣ ለመቃኛና ለከረጢት አስቀሩ፡፡ ስድስተኛ፣ ቢበላሽ የምትኖሩበት ከተማ ውስጥ ማን እንደሚጠግነው ከመግዛታችሁ በፊት እወቁ፡፡

ከቡድን ጋር የምትጫወቱ፣ ከቆላ ደጋ የምትመላለሱ፣ ድምፅ ማጉያ ያላችሁ ከሆነ ግን በሳጥኑ ላይ ጨምራችሁ ብትገዙ አትጎዱም፡፡ ክራር በአውቶቡስ የምታጓጉዙም ከሆነ ጣሪያ ላይ አይጫን፣ የፊት መስታወት ሥር ፀሐይ ላይም አይቀመጥ፤ ወንበር ላይ እንደ ሕፃን ታቅፋችሁት ሂዱ፡፡

ታንከሩ እስካሁን አልተገዛም፤ የቀረው የእቁቡ ብር የሚጠጋጋው ወሩ ሲያልቅ ነው ተብሏል፡፡ ያን የስጦታ ክራርም አልጣልነውም፤ ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው፣ ቦታውም ለካ እዚያው ነበር፡፡

ባለፈው ማክሰኞ ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አደረ፡፡ ጠዋት ልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ ክራሩን አነሳና ስድስቱን ክር አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገ፡፡ ስልኬን ልሰጠው እጄን ስዘረጋ ራሱን ነቀነቀ፡፡ “ሁሉም ወርደዋል፡፡ ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉም በላይ ወርዷል” አለና መቃኛውን ያዘ፡፡